ውዝፍ ያለበት አባል ሲሞት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




 ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉባኤ ከጎናችን ተቀምጠው ለነበሩት፣ ዛሬ ግን ላጣናቸው አባሎቻችን ነፍስ ይማር እንላለን።

በዛሬው አጀንዳ ላይ አንድ የደንብ ማሻሻያ ሐሳብ ቀርቧል። ይኸውም «ሦስት ተከታታይ ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል ከመዝገብ ይሰረዛል» የሚለው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ያረጀን ጡረተኞች በዚህ ጉዳይ ላይ የምንለው አለንና ትዕግሥታችሁን እንለምናለን። በአጭሩ ሐሳባችን እንዲህ ነው፦ መዋጮ በወቅቱ መከፈል አለበት፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ነገር ግን አልከፍልም ያለውና መክፈል ያቃተው በአንድ ብዕር መሰረዝ የለባቸውም።

በመዝገብ እንጀምር፤ የምናውቀው ሥራ እርሱ ነውና። በእድር መዝገብ የሰው ስም በሁለት ምክንያት ይሰረዛል። አንደኛው ባለቤቱ ሲሞት ነው፤ ሁለተኛው ሳይከፍል ሲቀር ነው። ሁለቱም የሚሰረዙት በአንድ ዓይነት ቀይ መስመር ነው። ከጊዜ በኋላ መዝገቡን የሚገልጥ ሰው የቱ በሞት፣ የቱ በውዝፍ እንደ ወጣ በቀላሉ አይለይም። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለብዙው ደኻ፣ ስሙ ከነቤተሰቡ በሥርዓት ከሚጻፍባቸው መዝገቦች አንዱ የእድሩ መዝገብ ነበር። እንግዲህ ከዚህ ላይ ስምን መፋቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ወላጆቻችን በገጠር እድር አይሉም ነበር፤ ቅሬ ነው የሚሉት። ዛሬም በዋድላ፣ በመቄትና በደላንታ ቀበሌዎች ቅሬ አለ። የቅሬ መዋጮው እህል፣ እንጨት፣ ከሁሉ በላይ ጉልበት ነው። አንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ አንዱ ቃሬዛ ይሸከማል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ጉልበት ያለው ሰው ሁሉ የሚያዋጣው ነገር አያጣም። ወደ ከተማ ስንገባ ግን መዋጮው ብር ሆነ። የከተማ እድር በአዲስ አበባ ተጀምሮ፣ በተለይ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ እየበዛና ወደየከተማው እየተስፋፋ እንደ መጣ ይነገራል። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ደረሰኝ፣ ማኅተም ያለው ሆነ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከብር ጋር አብሮ የመጣ አንድ ቃል አለ፤ «ውዝፍ» ይባላል። በወር 50 ብር የሚያጣ ሰው ግን ሞልቷል።

እስቲ እነማን ናቸው እንበል። በኮን ከተማችን ውዝፍ የሚበዛባቸው ባለ ሱቆቹ አይደሉም። አንድ ክፍል ተከራይታ ጠላ የምትሸጥ እናት አለች። በገበያ ቀን ጆንያ እየተሸከመ የሚያድር ጎልማሳ አለ። ልጁ ተሰድዶ ወሬው የጠፋበት ሽማግሌ አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ፣ ሰው ያለውን ጥሎ ሲሸሽ ያየነው ነው። እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ቆየን። ብዙው ሰው ሲመለስ በሬውም እህሉም አልጠበቀውም። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ ብለን ገና ሳንጽናና፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣ፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ገበያው አብሮ ይዘጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተደረገ፤ ዘይቱም ሳሙናውም ወዴት እንደ ወጣ እናቶች ይንገሩን። በዚህ ሁሉ መካከል ሦስት ወር መዋጮ ማጣት የስንፍና ምልክት ነው ለማለት አንደፍርም።

ይሁንና የሥራ አመራሩ ያለ ምክንያት ይህን ሐሳብ አላቀረበም። ሒሳቡን በምሳሌ እንይ። አንድ እድር 120 አባላት አሉት እንበል። በወር 50 ብር ቢከፍሉ በዓመት 72,000 ብር ይሆናል። ለአንድ ሐዘን 8,000 ብር የሚሰጥ ከሆነ ዘጠኝ ሐዘን ይችላል ማለት ነው። ከ120ው ሠላሳው ሳይከፍሉ ቢቀሩ በዓመት 18,000 ብር ይጎድላል። ይህ የሁለት ቤተሰብ ሐዘን ገንዘብ ነው፤ ከዚያም ያልፋል። በዓመቱ መጨረሻ የሚሞት ሰው ቤተሰቡ ባዶ እጁን ይቀራል ማለት ነው። ያ ቤተሰብ ደግሞ ሁሉን ወር ከፍሎ የኖረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ደንብ ይጥበቅ» የሚሉ ወንድሞቻችን ጨካኞች ናቸው አንልም። እነርሱም ስለ ሐዘንተኛው ነው የሚያስቡት።

ይህ ክርክር በእኛ አልተጀመረም። አንድ የታሪክ መምህር እንዳስረዱን፣ ከኢየሱስ ክርስቶስ ልደት በኋላ በ136 ዓመት (በአውሮፓ አቆጣጠር) በጣሊያን አገር ላኑቪየም በምትባል ከተማ የቀብር ማኅበር ነበረ፤ ደንቡ በእብነ በረድ ላይ ተጽፎ እስከ ዛሬ አለ። አባላቱ ደኾች ናቸው፤ ባሪያዎችም ነበሩባቸው። መግቢያው 100 ሰስተርስ ከአንድ ጋን ጥሩ ወይን ጠጅ ጋር ነው። በየወሩ ያዋጣሉ፤ አባል ሲሞት 300 ሰስተርስ ለቀብሩ ይወጣል። ለተከታታይ ወራት ሳይከፍል የሞተ ሰው ግን ማኅበሩ አይቀብረውም። ይኸው! 1,900 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የኛው አጀንዳ ነው። ነገር ግን በዚያው ድንጋይ ላይ ሌላም ነገር ተጽፏል። አንድ አባል ከከተማው ከ20 ማይል በላይ ርቆ ቢሞትና ወሬው ቢደርሳቸው፣ ሦስት ሰዎች ተመርጠው ሄደው ሊቀብሩት ግዴታ አለባቸው። ያን ጊዜ መኪና የለም፤ መንገዱ የቀን ሙሉ ነው። እንግዲህ በአንድ ደንብ ውስጥ ጥብቅነትም ርኅራኄም ጎን ለጎን ተቀምጠው እናገኛለን። እኛም የምንለው ሁለተኛው አይረሳ ነው።

አሁን ደግሞ በቅርብ የሆነ ነገር እንንገራችሁ። በሌላ ሰፈር ባለ አንድ እድር ነው የሆነው፤ የሰውም የእድርም ስም አንጠራም። በቀን ሥራ የሚተዳደር አንድ አባል አሥራ አንድ ዓመት ከፍሎ፣ በመጨረሻ አራት ወር ታመመና ተወዘፈ። በ200 ብር ውዝፍ ስሙ ተሰረዘ። ወር ሳይሞላ ሞተ። ጥሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳንም ከግምጃ ቤት አልወጣም፤ ደንቡ አይፈቅድማ። ወቅቱ ክረምት ነበርና ለቀስተኛው በጠባብ በረንዳ ሥር ተደራርቦ ተቀመጠ። አሁን የምንላችሁን ልብ በሉ። በዚያች ማታ ጎረቤቱ ኪሱን እየፈተሸ ያዋጣው ገንዘብ ሲቆጠር ከ6,000 ብር በላይ ሆነ። ያዋጡት እነማን ናቸው? እነዚያው የእድሩ አባላት ናቸው! በጉባኤ ተቀምጠው በ200 ብር የሰረዙትን ሰው፣ ሬሳውን ሲያዩ በስድስት ሺህ ቀበሩት። ሰዎቹ ከደንባቸው የተሻሉ ነበሩ ማለት ነው። እንግዲህ ደንብ ሲጻፍ ወደ ሰዎቹ ደግነት ከፍ ማለት አለበት እንጂ፣ ሰዎቹን ወደ ታች መጎተት የለበትም። ለልጆቹ ግን የቀረላቸው ነገር ገንዘቡ አይደለም፤ አባታቸው ሲሞት ጥሩምባ አለመነፋቱ ነው።

«ሌላ ምን ዘዴ አለ?» የሚል ይኖራል። አለ። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ኤድስ ብዙ ወጣት በቀጠፈበት ጊዜ ሞት ስለ በዛ የእድሮች ካዝና ተራቁቶ ነበር። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው፣ የታመመውን በሕይወት ሳለ መርዳት፣ ወላጅ ያጣውን ልጅ መደገፍ ጀመሩ። እድር ለሬሳ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ሁለተኛው ምሳሌ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከክልላችን ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። አሠራሩ እንደ እድር ነው፤ ጤነኛው ለታመመው ይከፍላል። ነገር ግን መክፈል የማይችለው ደኻ በማኅበረሰቡ ተለይቶ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል እንጂ «አልከፈልክም» ተብሎ አይባረርም። የሚለየውም የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው። እኛ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምን አለን? ማን እንደ ቸገረው፣ ማን ብር በጉያው ይዞ እንደሚያድር በአንድ ሰፈር እየኖርን አናውቅም እንዴ? መዝገብ ሁለቱን አይለይም፤ ጎረቤት ግን ይለያል።

ስለዚህ በማሻሻያው ላይ የሚከተለው እንዲጨመር ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ/ ማንም አባል ከመሰረዙ በፊት ሁለት ሰዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ቤቱ ድረስ ሄደው ያነጋግሩት። ደብዳቤ መለጠፍ ብቻ አይበቃም፤ ማንበብ የማይችል አለ።

2ኛ/ ባለ ውዝፍ ስሙ በጉባኤ ፊት አይነበብ። ሰው ከድህነቱ ይልቅ ኀፍረቱ ያስቀረዋል። ስሙ እንዳይጠራ ብሎ ከስብሰባ የቀረ አባል ቀጥሎ ከለቅሶም ይቀራል።

3ኛ/ ብር ያጣ በጉልበቱ ይክፈል። ድንኳን መትከልና መንቀል፣ ወንበርና ብረት ድስት ማመላለስ፣ መቃብር መቆፈር፣ ዕቃ ቤት መጠበቅ ሁሉ ዋጋ ይተመንለትና ከውዝፉ ይቀነስ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአባቶቻችን ቅሬ ነው። ጸሐፊው አንድ ተጨማሪ ዓምድ መዝገቡ ላይ ማስመር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

4ኛ/ አገልግሎቱ ለሁለት ይከፈል። ጥሩምባ፣ ድንኳን፣ ወንበርና የቀብር ሸኚ ለማንኛውም አባል፣ ውዝፍ ቢኖርበትም ባይኖርበትም፣ አይከልከል። የሚቀነሰው ከገንዘቡ ብቻ ይሁን፤ ያውም የውዝፉ ልክ።

5ኛ/ ከቅጣት የሚገኘው ገንዘብ ለብቻው ተይዞ፣ በሕመም ወይም በእርጅና መክፈል ላቃታቸው መዋጮ መሸፈኛ ይሁን። ያረፈደ ሀብታም የተቀጣው ለታመመ ደኻ ይዋል፤ ይህ ፍርድ ነው።

6ኛ/ እያለው የማይከፍል ግን በደንቡ ይቀጣ፤ ተመክሮ እንቢ ካለም ይሰረዝ። በዚህ አንራራም።

«እንዲህ ካልን ሁሉም መክፈል ያቆማል» የሚል ሥጋት እንደሚነሣ እናውቃለን። ሥጋቱ አግባብ አለው። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ቤቱ መጥተው ሲጠይቁት፣ በጉልበትህ ክፈል ሲባል፣ እያለው ያልከፈለ ሰው የት ይደበቃል? በወረቀት ማስጠንቀቂያ መደበቅ ይቻላል፤ ከጎረቤት ዓይን ግን አይቻልም። እውነተኛው ችግረኛም ቢሆን ሠርቶ የከፈለውን ያህል አንገቱን ቀና አድርጎ ለቅሶ ይቀመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሎሚ የሌለውን ሰው ግን ከሃምሳው አውጥተን አርባ ዘጠኝ ብንሆን ሸክሙ ይከብደናል እንጂ አይቀልም፤ ነገ አርባ ስምንት፣ ከነገ ወዲያ አርባ እንሆናለንና።

ዋድላ የቅኔ አገር ናት፤ የእኛ ቃል ግን ቅኔ የለበትም፣ ሰሙም ወርቁም አንድ ነው። በዚህ ከተማ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ነባሩም ከገጠር ትናንት የገባውም፣ ባለ ፎቁም ባለ አንድ ክፍሉም እኩል የሚቆጠርበት ቦታ ጥቂት ነው። እድር ከእነዚህ ጥቂቶቹ አንዱ ነው። ይህን ስፍራ በሦስት ወር ውዝፍ አንጥበበው።

ሊቀ መንበሩ ድምፅ እንድንሰጥ ሲጠይቁ፣ በቀረበው ሐሳብ ላይ «ተሰረዘ» ከሚለው ቃል በፊት «ተጠይቆ» የሚለው ቃል እንዲገባ እጃችሁን እንድታወጡልን በአክብሮት እንለምናለን። ጸሐፊያችንም ቃለ ጉባኤውን ሲይዙ ይህን ከነተራ ቁጥሩ ይመዝግቡልን።