የሞተር ብስክሌት የፊት ጎማ ሕመምና አመራመሩ

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በአዊ አገር ፈረስ ምን ያህል የተከበረ እንስሳ እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል ለዚህ ምስክር ነው። ብልህ ፈረሰኛ ፈረሱ ሲያነክስ አለንጋ አያነሣም፤ ወርዶ ኮቴውን ያያል። ዛሬ በዳንግላ፣ በአዲስ ቅዳምና በእንጅባራ መካከል ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ የሞተር ብስክሌት ነጂም መሪው ሲንቀጠቀጥበት ሊያደርገው የሚገባው ይኸንኑ ነው። ሞተር ቢጠፋ መንገደኛው በእግሩ ይሄዳል፤ የፊት ጎማ ከከዳ ግን ከነጂው ጋራ ከኋላ የተፈናጠጠውም ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ምርመራው የሚጀመረው ምልክቱን በመለየት ነው። ብስክሌቱ ወደ አንድ ወገን ይስባልን? ፍጥነቱ ሲቀንስ መሪው ይርገበገባልን? ፍሬን ሲያዝ ከፊት «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማልን? መሪው መካከል ላይ ሲደርስ እንደ ተቸነከረ ይይዛልን? እነዚህ የተለያዩ ሕመሞች ናቸውና አንድ መድኃኒት አይበቃቸውም።

ከሁሉ አስቀድሞ የጎማው ነፋስ ይለካ። ልኩ የሚወሰደው በጧት፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ነፋስ የጎደለው ጎማ መሪውን ያከብዳል፤ በመታጠፊያም ላይ ያዋልላል። ቀጥሎ የጎማው ገጽ በእጅ ይዳሰስ፤ ሞገድ የሠራ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ያለቀ ጎማ መንቀጥቀጥን ያመጣል። በቸርኬውና በፓራፋንጎው ላይ የደረቀው የክረምት ጭቃም ይታጠብ፤ በአንድ ወገን የተለጠፈ ጭቃ ሚዛን ያሳጣልና።

ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን አጽንታችሁ አቁሙና የፊት ጎማውን ከመሬት አንሡት። አንድ እንጨት ወደ ቸርኬው አስጠግታችሁ ጎማውን አሽከርክሩ። ብዙ ሠሪዎች የሚፈቅዱት መወዛወዝ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሽቦ ዘንጎች ያሉት ከሆነ ዘንጎቹን አንድ በአንድ በመፍቻ መታ መታ አድርጉ፤ የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የላላው ይደፈናል።

አሁን ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ ግፉት። የሚንገጫገጭ ከሆነ የጎማው ኩሽኔታ አልቋል፤ ወይም ፔርኖው ላልቷል። ደግሞ ሁለቱን የአሞርዛተር እግሮች ከታች ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳቡ፤ ረዳታችሁም ጣቱን በመሪው አንገት መጋጠሚያ ላይ ያኑር። መላላቱ ከጣቱ ሥር ከተሰማው ጥፋቱ የአንገቱ ኩሽኔታ ነው። መሪው በዝግታ ሲዞር መካከል ላይ የሚይዝ ከሆነ ግን የኩሽኔታው መቀመጫ ተቦርቡሯል፤ ይህን መለወጥ እንጂ ማጥበቅ አያድነውም። እንዲያውም ከልክ በላይ የጠበቀ አንገት ብስክሌቱን እንደ ሰካራም ያዋልለዋል።

የፊት የሚመስል ሕመም ከኋላ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ሰንሰለት ሲጠብቅ የግራና የቀኝ ምልክቶች እኩል ካልሆኑ የኋላው ጎማ ይጣመማል። ከፋግታ ለኮማ የከሰል ጆንያ ጭኖ የሚወጣ ሰውም ጭነቱን ወደ ኋላ ባስረዘመው መጠን የፊት ጎማው እየቀለለ፣ መሪው እየተርገበገበ ይሄዳል።

በተለይ የማሳስባችሁ አንድ ነገር አለ። የፊት ፍሬኑ በከበሮ የሚሠራ ከሆነ፣ ጎሚስታው ጎማውን ጠግኖ ሲመልስ የፍሬኑ ሽፋን ጎድጓዳ ከአሞርዛተሩ እግር ጉብታ ጋራ መግጠሙን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ካልገጠመ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ሽፋኑ ከጎማው ጋራ ይዞራል፤ ጎማውም ድንገት ሊቆለፍ ይችላል።

ጥገናውን ስታደርጉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡና በዝግታ ሞክሩት፤ ያለዚያ ያዳነው የቱ እንደ ሆነ አይታወቅም። መንገድ ላይ ሳላችሁ መሪው ቢርገበገብ ፍሬን አትጨብጡ፤ መሪውን ሳትገትሩ አጽንታችሁ ይዛችሁ ነዳጁን ቀስ በቀስ ቀንሱ። ቆማችሁ ምክንያቱን ሳታገኙም ሰው አታፈናጥጡ።