ስለ ተረሱት ግንቦቻችን



ቁስቋም የሚለውን የሰፈራችንን ስም በየቀኑ እንጠራለን። ስሙ እመቤታችን ከልጅዋ ጋራ ተሰዳ ያረፈችበት የግብፅ ተራራ ስም ነው። በአገራችን ይህን ስም ከግንብ ጋራ ያስተሳሰሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ከ1723 ዓ.ም. ጀምሮ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ስም አገር ሲያስተዳድሩ፥ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብለው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ስሙንም ቁስቋም አሉት።

ጎንደርን የሚጎበኝ ሰው ሁሉ የፋሲልን ግንብ አይቶ ይመለሳል። ቁስቋምን የሚያየው ጥቂት ነው፤ ጉዛራን፥ ጎርጎራንና ደንቀዝን የሚያየውማ ከዚያም ያነሰ ነው።

ጉዛራ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ በእንፍራዝ አጠገብ፥ ጣናን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። ያሠሩት በ1555 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው ይባላል። በጎርጎራና በደንቀዝ ያሉት ፍርስራሾች የዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። በዘመናቸው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በአገራችን ነበረ፤ የህንድ ግንበኞችም ሠርተዋል። ዐፄ ሱስንዮስ በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን አስወጥተው በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ።

አንዳንዱ ሰው «የጎንደርን ግንብ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «የውጭ አገር እጅ ከቶ አልነካውም» ብሎ ይከራከራል። እነዚህን ግንቦች በተራ ያየ ሰው ግን አባቶቻችን ከእንግዳ መማርን እንዳላፈሩበት፥ አስተማሪው ከሄደ በኋላም ሥራውን ራሳቸው እንዳስፋፉት ይረዳል። የውጭ አገር ሰዎች ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ላደግን ለእኛ ይህ ትልቅ ምሳሌ ነው።

ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. የጎንደርን ግንብ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ቁስቋምና ጉዛራም አብረው ገብተዋል። መዝገብ ግን ጣራ አይሆንም፤ ዝናምና የዛፍ ሥር ድንጋይን ከድንጋይ ይለያያሉ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ወደ ጎንደር የምትጓዙ ሁሉ እንፍራዝ ላይ ውረዱ። ሜትርና ደብተር ይዛችሁ የቆመውን ለኩ፥ የወደቀውን መዝግቡ፥ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ያላወቁትን መጠበቅ አይቻልምና።