የንባብን ፍጥነት በምን እንለካ?



በሸዋ ሮቢት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ሰዓት ይዤ የንባብ ፍጥነቴን ለካሁ። በአማርኛ በደቂቃ 130 ቃል አነበብሁ። በእጄ የነበረ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ግን ደኅና አንባቢ ከ200 በላይ ያነብባል ይል ስለነበር ራሴን ሰነፍ አድርጌ ቆጠርሁ። የይፋት ቆላ ሙቀት ያዘገመኝ መስሎኝ ሌሊት ሌሊት ማንበብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ስሕተቱ ከመለኪያው ነበር። ማርክ ብሪስባርት በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አዋቂ ሰው ልቦለድ ያልሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በለሆሳስ ሲያነብ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃል እንደሚዘልቅ አስልተዋል። ነገር ግን «አልነገርኋቸውም» የምትለው አንዲት ቃላችን በእንግሊዝኛ አምስት ቃላት ትፈልጋለች፤ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ ጊዜውንና አሉታውን በዘጠኝ ፊደል አዝላለችና።

ስለዚህ ቃል ሳይሆን ፊደል ቁጠሩ፤ የዛሬውን ውጤታችሁንም ከትናንቱ ጋር ብቻ አስተያዩ። አይታችሁት የማታውቁትን ጽሑፍ ሦስት ደቂቃ አንብቡ፤ የፊደሉን ብዛት ለሦስት አካፍሉ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግታችሁ ፍሬ ነገሩን ለጓደኛ ተርኩ። መተረክ ካቃታችሁ ቁጥሩን አትመዝግቡት።

ስለ ማሻሻሉ ደግሞ ንባብ ቤት ቀድሞናል። መልእክተ ዮሐንስ በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ይደጋገማል፤ መጀመሪያ ፊደል የሚለቅመው ሕፃን በኋላ ቃሉን እንዳለ ያነሣዋል። ጄይ ሳሙኤልስ በ1979 እ.ኤ.አ. የጻፉለት የተደጋጋሚ ንባብ ስልት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እኔ በዚህ ልምምድ በጋዜጣና በልቦለድ ፈጥኛለሁ። ውል ሳነብ ግን ዛሬም እዘገያለሁ፤ ልፈጥንም አልሻም።