ረከቦቱን ከመቀባታችን በፊት
(በማኅበራችን አዳራሽ ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ስፕሬይ ቀለም ነው። ማስታወቂያውን ስንለጥፍ አንዳንድ ወላጆች «ደግሞ ልጆቹን ግድግዳ መሞነጫጨር ልታስተምሩልን ነው?» ብለው ሳቁብን። አይደለም፤ የምንነጋገረው ስለ ቤት ዕቃ ነው። ያረጀ በርጩማ፣ የፎቶ ፍሬም፣ ትንሽ መደርደሪያ፣ ረከቦት እንዴት እንደሚታደስ ነው።

ፋሲካ ሲቃረብ በክርያት ሞሼ ቆሻሻ መጣያዎቹ አጠገብ እለፉና እዩ። ቤት ሁሉ ሲጸዳ ስንት ደህና እንጨት ይጣላል! እግሩ አልተሰበረም፣ መቀመጫው አልተሰነጠቀም፣ ቀለሙ ብቻ ተልጧል። ከዚያ ደግሞ ሱቅ ሄደን በብዙ ሼቄል አዲስ እንገዛለን። አንድ ቆርቆሮ ስፕሬይና ሁለት ሉህ የብርጭቆ ወረቀት ለአንድ በርጩማ እኮ ይበቃል።

ነገር ግን አንድ ክርክር አለብን። የእናት ረከቦት ይቀባ ወይስ አይቀባ? ልጆቹ «ሳሎኑ ነጭና ግራጫ ሆኖ እሱ ብቻውን ጠቁሮ ቀረ» ይላሉ። እናቶች ደግሞ «ይሄ እኮ ከሀገር የመጣ ነው» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ እኛ የደረስንበት ይህ ነው፦ ከሱቅ የተገዛውን ቀቡት፤ በእጅ ተጠርቦ ከሀገር የመጣውን ግን አትንኩት።

ምክንያቱን እንንገራችሁ። ስፕሬይ ቀለም እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ነገ «ይነሳልኝ» ብትሉ እንጨቱን ራሱን መፋቅ አለባችሁ፤ የጠራቢው የመጥረቢያ ምልክት፣ የስንት ዓመት የእጅ ወዝና የጭስ ቀለም አብሮ ይሄዳል። ወገኖቻችን በጎንደር ነገሥታት ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት፣ በአንጥረኛነት፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ የሚታወቁ ነበሩ። «ባለ እጅ» የሚለው ቃል ግን እንደ ስድብ ይወረወርባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ሲመጣ ብዙው ከለበሰው ልብስ በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። ስለዚህ በቤታችን ያለው የሀገር እንጨት ጥቂት ነው። አንድ ዋንዛ በርጩማ ካላችሁ በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ንጹሕ የተልባ ዘይት በጨርቅ እሹት፤ በቃ፣ ያበራል። ጨርቁን ግን ጨምድዳችሁ አትጣሉ። በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ሙቀጫ፣ ገበታና ማማሰያ አዲስም ይሁኑ አሮጌ ስፕሬይ አይነካቸውም። ምግብ ይነካቸዋላ!

አሁን ወደሚቀባው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ረከቦት ስኳርና ቡና ተንጠባጥቦበታል፣ ቅቤ በነካ እጅ ተይዟል። በቅባት ላይ የተረጨ ቀለም በሁለተኛው ወር ይላጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብና አንድ ቀን ይድረቅ። ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት። (በዕብራይስጥም ስሙ ያው ነው፣ «ኒያር ዝኹኺት»፤ አያትና የልጅ ልጅ ሱቅ ውስጥ የሚግባቡበት አንድ ቃል አገኘን።) በ120 ቁጥር ጀምራችሁ በ220 ጨርሱ፤ የምታሹት በእንጨቱ መስመር እንጂ በአግድም አይሁን። ዕቃው በጣም አሮጌ ቀለም ካለበት ግን አትፈግፍጉት። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፤ ብናኙ ለልጆች ክፉ ነው።

ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉና ሲደርቅ የመሠረት ቀለም፣ ከዚያ ዋናውን ርጩ። ቆርቆሮውን ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ነቅንቁት። ከዕቃው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቁ። መርጨቱን ከዕቃው ጠርዝ ውጭ ጀምሩ፣ በማዶው ጠርዝ ውጭ ጨርሱ። እንጀራ የምትጋግር እናት ሊጡን ስታዞር እጇን አንድ ቦታ አታቆምም አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። እጅ ከቆመ ቀለሙ ይንጠባጠባል። ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ መርጨት አንዴ ወፍራም ከመርጨት በብዙ ይሻላል፤ በመካከሉ የምትጠብቁት ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል።

በነገራችን ላይ፣ ቀለምን ከጋዝ ጋር በቆርቆሮ የማሸጉን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ የጀመረው ኤድዋርድ ሲሞር የሚባል ሰው ነው፤ ሐሳቡን ያቀረበችለት ባለቤቱ ቦኒ ናት ይባላል።

ወላጆች፣ ይህን ደግሞ በደንብ ስሙን። የት ነው የሚረጨው? ልጆቹ የሚያስቡት ቦታ ሚቅላት ነው። ባዶ ነው፣ ማንም አይቆጣም። በፍጹም አይሆንም! ሚቅላትም ሆነ ማማድ፣ የደረጃ መተላለፊያም ሆነ መታጠቢያ ቤት አየር አይዘዋወርባቸውም። ቀለሙን የሚገፋው ጋዝ ደግሞ የሚቀጣጠል ነው፤ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። የሰንበት ሻማ ወይም የቡና ምድጃ እሳት ካገኘ አለቀ። ውጭ ግቢ ውስጥ፣ ካርቶን ዘርግታችሁ፣ ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጋችሁ ሥሩ። ተራ የወረቀት ጭንብል ብናኝ እንጂ ሽታውን አያቆምም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለውን ግዙ። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት አይጠጉ። ቆርቆሮውን በበጋ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ካለፈ ሊፈነዳ ይችላል።

የሻራቭ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ሥራው ይቅር፤ አቧራው እርጥብ ቀለም ላይ ይለጠፋል። የረሖቮት የበጋ ምሽት ደግሞ እርጥበት አለው፣ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ጠዋት ጥሩ ነው።

አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ደርሶናል፦ «ጀበናውን መቼ ነው የማስቀምጥበት?» ቀለሙ በሰዓት ውስጥ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፤ እስኪጠነክር ግን አንድ ሳምንት ያህል ስጡት። ከዚያም በኋላ ትኩስ ጀበና በቀጥታ አይቀመጥ፤ ማቶቱ ከሥሩ ይኑር።

ስትጨርሱ ቆርቆሮውን ገልብጣችሁ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ትንሽ ርጩ፣ አፉ አይደፈንም። እንግዲህ ወደ ግቢው እንውጣ። ሦስት በርጩማዎች ታጥበው፣ ደርቀው ይጠብቁናል። እናቶች ቀለሙን ምረጡልን፣ ልጆች ብርጭቆ ወረቀቱን ያዙ።