የጋፋት ምድጃና የቤተልሔም ብዕር



በደብረ ታቦር ከተማ በእናንተ በዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎች ፊት ቆሜ እንድናገር ስለ ተጋበዝሁ የተሰማኝ ክብር ታላቅ ነው። የንግግሬ ርእስ ልሳንና ኪነ ጥበብ ነው፤ ይህንም የመረጥሁት ሁለቱ ሲገናኙ ሕዝብ እንዴት እንደሚያድግ፣ ሲለያዩም በብዙ ድካም የተጀመረው ሥራ እንዴት እንደሚቋረጥ ለመማር ከዚሁ ከቆማችሁበት አገር የተሻለ መምህር ስለማላውቅ ነው።

ከዚህ ከተማ አጠገብ ጋፋት አለ። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከባዜል ከተማ አቅራቢያ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡትን ቫልድማየርን፣ ዛልሙለርንና ቤንደርን፣ ከእነርሱም ጋር ፖላንዳዊውን ሞሪትዝ ሆልን በዚያ አስፍረው፣ የአገር ልጆችንም የእጅ ጥበብ እንዲማሩ ከእነርሱ ዘንድ አኑረው ነበር። እንግዶቹ መድፍ አፍስሰው እንደማያውቁ በግልጽ ቢናገሩም ንጉሠ ነገሥቱ ምድጃ ሠርተው ብረታ ብረት እንዲያቀልጡ አስገደዷቸው፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ሥራው ግን እንደ ገና ተጀመረና፣ ከብዙ ድካም በኋላ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ የሆነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከጋፋት ምድጃ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያም ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ድንጋዩንም በገዛ እጃቸው ጭምር እያነሡ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል አሻግረው፣ ያን ግዙፍ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ አደረሱት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሡ ሞቱ፤ የውጭ አገሩ ጥበበኞች ከጦሩ ጋር ሄዱ፤ የጋፋትም ምድጃ በዚያው ቀዘቀዘ።

የአንድ ምድጃ መቀዝቀዝ በራሱ ብርቅ ነገር አይደለም፤ በየትም አገር ጦርነት ምድጃ አፍርሷል። እኔን የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በጋፋት መዳቡና ቆርቆሮው በምን ያህል ልክ ይቀላቀል እንደ ነበረ፣ የምድጃው ሸክላ ከየትኛው አፈር ይሠራ እንደ ነበረ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ስለ ምን እንደ ከሸፈ፣ ሁለተኛውስ በምን እንደ ተቃና የሚያስተምር የአማርኛ መጽሐፍ አልወረስንም። ስለ ጋፋት ማንበብ የሚሻ ሰው በ1869 እ.ኤ.አ. ባዜል ላይ በጀርመንኛ ወደ ታተመው ወደ ቫልድማየር ማስታወሻ መሄድ ይኖርበታል።

ይህም የሆነው በዚያ ዘመን በአማርኛ የሚጽፍ ታጥቶ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ እኮ የመንግሥታቸውን ደብዳቤ በአማርኛ ያጻፉ ንጉሥ ናቸው፤ የነገሥታት ዜና መዋዕል በግእዝ ሲጻፍ ከኖረ በኋላ የእርሳቸውን ታሪክ ደብተራ ዘነብ በአማርኛ ጽፎታል፤ እንዲያውም የዛሬው አማርኛ ዝርው ጽሑፍ ከዚያ ዘመን ይጀምራል ቢባል ያስኬዳል። እንግዲህ በአንድ ንጉሥ ዘመን፣ በአንድ አውራጃ ውስጥ፣ ብዕርና መዶሻ ጎን ለጎን ነበሩ፤ ነገር ግን አልተነጋገሩም። ብዕር የያዘው ሊቅ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የሚያየውን መመዝገብ ለማዕርጉ የሚገባ ሥራ አልመሰለውም፤ መዶሻ የያዘውም ቀጥቃጭ ፊደል አልቆጠረም፤ ይባስ ብሎም ማረሻውን የሚሠራለት ገበሬ ሳይቀር ቡዳ እያለ ይሸሸው ነበር። ይህ ነውር ከአገራችን ሥር የሰደደ ስለ ነበረ፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በእኔ ፍርድ ጋፋትን ከእንግሊዝ ጦር ይልቅ የጎዳው ይህ በአዋቂና በጸሐፊ መካከል የቆመ አጥር ነው። ከመቅደላ የተማረኩት መጻሕፍት፣ ግፉ ግፍ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም ለንደን ላይ ይነበባሉ፤ ያልተጻፈው የጋፋት ጥበብ ግን ከሠሪዎቹ ጋር አብሮ ጠፋ።

አሁን ደግሞ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ መልሱ። ከጉና ማዶ፣ በጋይንት ምድር፣ የድጓ ሊቃውንት ገብተው የሚያስመሰክሩባት ቤተልሔም አለች፤ ለዝማሬና ለመዋሥዕትም ዙር አምባ አለች። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት በግራኝ ዘመን መጻሕፍት ሲቃጠሉ ሙሉው ድጓ ተርፎ የተገኘው በቤተልሔም ነው፤ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመንም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት በሥርዓት አደራጁት ይባላል። የድጓን አንድ ቅጠል ቀርባችሁ ብትመለከቱ፣ ቃሉ በጎላ ፊደል ተጽፎ፣ ከቃሉ በላይ ግን ዐይን በግድ የሚለያቸው ደቃቅ ምልክቶች ተሰድረው ታያላችሁ፤ ይዘት ድምፅን ይይዘዋል፤ ድፋት ወደ ታች ይደፋዋል፤ ቅናት ወደ ላይ ያቀናዋል፤ ርክርክ ያርገበግበዋል፤ ቁርጥ ይቆርጠዋል፤ በመካከላቸውም ዜማው ከታወቀ ቃል የተቆረጡ ትናንሽ ፊደላት ገብተው፣ ተማሪው ያንን ዜማ እንዲያስታውስ ያዝዙታል። ይህን የሚጽፈው የሚያዜመው ሊቅ ራሱ ነው። ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብዕሩን ቀርጾ፣ በጉሮሮው ያለውን በእጁ ያሰፍረዋል፤ የዜማው ጥበብም ለእነዚያ ሁሉ ዘመናት ያልተቋረጠው ስለዚህ ነው።

በብራና ላይ የኖረው ፊደላችን ወደ መሣሪያ ለመግባት ብዙ ተንገላቷል። ኢንጂኒየር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ፣ ከ200 በላይ የሆነውን የሆሄያት ሠራዊት ለጥቂት ላቲን ሆሄያት በተሠራ ገበታ ላይ ማስፈር ነበረባቸው፤ ስለዚህ ቅጥያው ከሆሄው እየተለየ የሚመታበት ስልት ተቀየሰ፤ የመልኩ ውበት ቢጎድልም መኪናው ሠርቷል። ከዚያ በኋላ በአገር ውስጥም በባሕር ማዶም ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ከኮምፒዩተር ጋር ብዙ ታግለው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በ3.0 እትሙ 345 የግእዝ ሆሄያትን፣ አኃዞችንና ምልክቶችን ተቀበለ። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ፣ ይህን ስናገር ልቤ ይሞላል፣ በ4.1 እትሙ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናትና ሌሎቹ፣ በጠቅላላው 10 የዜማ ምልክቶች፣ በየስማቸው ተመዘገቡ። የጋይንት የቆሎ ተማሪ በመብራት ሲያጠናው የሚያድረው ምልክት ዛሬ ቶኪዮም ኒው ዮርክም ያለ ኮምፒዩተር የሚያውቀው ሆኗል። የተጻፈ ነገር ነበርና የሚሻገርበትን መርከብ ለማግኘት አልተቸገረም።

ከዚህ አካባቢ የወጣ አንድ ሰውም ሳልጠራ አላልፍም። የይፋጉ ተወላጅ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1905 እ.ኤ.አ. በርሊን ድረስ ሄደው ልሳናችንን አስተማሩ፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸውም በ1914 ዓ.ም. አስመራ ላይ ታተመ። እርሳቸው ያን ሁሉ የሠሩት ዛሬ በእናንተ ኪስ ያለው መሣሪያ በሌለበት ዘመን ነው።

ተመራቂዎች ሆይ፤ እናንተ ብዕሩንም መዶሻውንም በአንድ እጅ የያዛችሁ ትውልድ ናችሁ። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ የእርሻ ባለሙያው፣ የኮምፒዩተር ሊቁ ከእናንተ መካከል ተቀምጧል። ነገር ግን የተማራችሁት በእንግሊዝኛ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁም በእንግሊዝኛ ተጽፎ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የፋርጣ ገበሬ ድንቹ በእርጥበት ወራት ስለ ምን እንደሚበሰብስ ያጠናው ልጁ ሊሆን ይችላል፤ ጥናቱን ግን አያነበውም። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ ከገባ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኖት፣ ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር የየቤቱ ስም ሆኗል፤ ስለ ሩዝ የተመራመርነው አብዛኛው ግን ሩዙን ለሚያመርተው ሰው በሚገባው ቋንቋ አልተጻፈም። ዛሬ ዓለም የሚደነቅበት ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የሚማረው ከተጻፈው ነው፤ ስለ በሽታ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ አፈር በአማርኛ ካልጻፍን፣ በአማርኛ ስንጠይቀው ከየት አምጥቶ ይመልስልናል? ከጋፋት በኋላ በድጋሚ አዋቂና ጸሐፊ ተለያይተው እንዲኖሩ መፍቀድ በአባቶቻችን ጥፋት ላይ ሌላ ጥፋት መጨመር ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እያንዳንዳችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ፍሬ ነገር፣ ምን እንደ ሞከራችሁ፣ ምን እንደ ከሸፈ፣ ምንስ እንደ ተሳካ፣ መንገዱንና ልኩን ሳትደብቁ፣ እናታችሁና አባታችሁ ሲነበብላቸው ሊረዱት በሚችሉት አማርኛ በሁለት ገጽ ጻፉት፤ አንዱን ቅጅ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለወረዳችሁ የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ስጡ። ቃል የጎደለው ከመምህራኑና ከሊቃውንቱ ይጠይቅ፤ መምህራንም ይህን ሥራ እንደ ትርፍ ሥራ ሳትቆጥሩ አርሙላቸው። በዚህ ክረምት ጀምሩት።