አሮጌውን ኮምፒዩተራችንን በጥቂት ገንዘብ ስለማደስ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ከጸሐፊው የቀረበ ንግግር)



የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ በመገኘታችሁ በኮሚቴው ስም ምስጋናችንን እናቀርባለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ዕቃ ነው። ይኸውም በጽሕፈት ቤታችን ጥግ ስለተቀመጠው ኮምፒዩተር ነው። «ለአንድ ሣጥን ይህን ያህል ስብሰባ ምንድነው?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ሣጥን ነው። ነገር ግን የሁላችን ስም፣ በየወሩ የምንከፍለው መዋጮና ለለቅሶ የሚወጣው ገንዘብ የተመዘገበው በዚሁ ሣጥን ውስጥ ነው።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አንዲት እናታችን ባለቤታቸውን ቀበሩ። ቤተሰቡ የማኅበሩን ገንዘብ ሊቀበል ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ለመነሳት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሲከፈት ደግሞ «የሦስት ወር ውዝፍ አለባቸው» የሚል መዝገብ አሳየን። እናታችን ግን ደረሰኛቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ። ከፍለዋል! በሐዘን ላይ ያለን ሰው «አልከፈልሽም» ማለት እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በኮሚቴው ስም ይቅርታ ጠይቀናል፤ ዛሬም በጉባዔው ፊት ደግመን እንጠይቃለን።

ታዲያ ጥፋቱ ከየት መጣ? ከሰፈራችን ልጆች መካከል ሙያው ያላቸውን ሁለት ወጣቶች ለምነን ሣጥኑን አስከፈትን። በማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች፣ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ሣጥኑ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱንና ቀኑን የምትጠብቅ እርሷ ናት። እኛ መብራቱን ፈርተን ማታ ማታ እንነቅለዋለን። ባትሪዋ ስላለቀች ጧት ሲነሳ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። ገንዘብ ያዣችን የተቀበለችውን ገንዘብ ኮምፒዩተሩ በሰጣት ቀን ስትመዘግብ፣ የእናታችን የሦስት ወር ክፍያ በድሮ ዓመት ሥር ተጽፎ ተገኘ። በሣጥኑ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ርካሿ ባትሪ ይህን ያህል ሰው አስቀየመች ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ በኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሐሳብ ተነሣ። ግማሹ «ይጣልና አዲስ ይገዛ» አለ። ግማሹ «ይታደስ» አለ። እኛም የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ፣ ሳናውቅ ከመወሰን ብለን እየጠየቅን ተማርን። የተረዳነውን በቀላሉ እናስረዳችሁ።

ኮምፒዩተር ማለት እንደ አንድ ጽሕፈት ቤት ነው። ፕሮሰሰሩ ጸሐፊው ነው። ራም የሚባለው መዝገብ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ መዝገቡ የሚቀመጥበት ግምጃ ቤት ነው። ጸሐፊው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ጠረጴዛው ከጠበበና ግምጃ ቤቱ ከራቀ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት «የሚያዘገየው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ልጆቹ ይህን የሚያሳየውን ሰሌዳ ከፍተው አሳዩን። ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዟል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ሃያ በመቶ እንኳ ሳይሠራ ተቀምጧል። እንግዲህ ፕሮሰሰር መቀየር ሥራ ለፈታ ሰው ደመወዝ መጨመር ነው።

በመሆኑም ለጉባዔው የምናቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ከሁሉ በፊት መዝገቡ ይገለበጥ። ዊንጭ ከመነካቱ በፊት የአባላት ዝርዝር በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ፤ አንዱ በገንዘብ ያዥ፣ አንዱ በሊቀ መንበሩ ቤት ይቀመጥ። የወረቀቱም መዝገብ እንደወትሮው ይቀጥል። እናታችንን ያዳናቸው ወረቀት መሆኑን አንርሳ።

2ኛ. ባትሪዋ ትቀየር፣ አቧራው ይራገፍ። የማራገቢያው ክንፍ በአቧራ ተሸፍኖ የበግ ፀጉር መስሎ አግኝተነዋል። ሙቀት ሲበዛ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለዚህ የሚወጣው ወጪ ኢምንት ነው።

3ኛ. ሃርድ ዲስኩ በኤስ.ኤስ.ዲ. ይተካ። የድሮው ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሸክላና የሚያነብ ክንድ አለው። ክንዱ አንዲት ነገር ፈልጎ እስኪያገኝ ሸክላውን መጠበቅ አለበት። ኤስ.ኤስ.ዲ. ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። በእኛ ሣጥን ሳታ በሚባለው ገመድ ተሰክቶ በሰከንድ ወደ 500 ሜጋባይት ያነባል፤ የድሮው ከ100 እስከ 150 ቢደርስ ነው። ለመዝገብና ለደብዳቤ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃናል። ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. የሚባል እንደ ማስቲካ ቀጭን ዓይነትም አለ፤ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በእኛ ማዘርቦርድ ላይ መሰኪያው የለም። ሻጭ «ይኸ ይሻላል» ቢለን እንዳንታለል።

4ኛ. ራሙ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ይደግ። እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንደብቅ እንናገራለን። ባለፈው ጥር ኮሚቴውን ሳናማክር ከአንድ ሱቅ ራም ገዝተን መጣን። ቢሉት ቢሠሩት አልገባም። የእኛ ማሽን ዲ.ዲ.አር. 3 ነው፣ ባለ 240 እግር። የገዛነው ዲ.ዲ.አር. 4 ሆኖ ተገኘ፣ ባለ 288 እግር፤ መሐሉ ላይ ያለችው ቀዳዳም ቦታዋ የተለየ ነው። ሱቁም አልመልስም አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ገንዘቡን ከኪሳችን ተክተናል፤ ትምህርቱን ግን ለእናንተ እናካፍላለን፤ አሮጌውን ራም ነቅሎ ይዞ ሳይሄዱ ራም አይገዛም።

5ኛ. መብራት ሲሄድ መዝገቡ እንዳይበላሽ ዩ.ፒ.ኤስ. ይገዛ። ሠርቶ ለመዋል ሳይሆን፣ አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጠናል። እግረ መንገዳችንን፣ በቤታችሁ አሮጌ ኮምፒዩተር ያላችሁ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ማዞሪያ ካለው በ230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። በ115 ሆኖ በእኛ መብራት ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ማሽን አራተኛ ትውልድ የሚባል ፕሮሰሰር ያለው ነው። የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል ይጠይቃል። የእኛ ይህን አያሟላም። ልጆቹ ያቀረቡት መፍትሔ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ጭኖ መዝገቡን በሊብሬኦፊስ መክፈት ነው። የኤክሴል መዝገባችንን ወስደው በፊታችን ከፍተው አሳይተውናል፤ አማርኛውም በትክክል ይነበባል።

ይሁን እንጂ ማሽኑ ዕድሜ ልክ አይኖርም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ መግዛታችን አይቀርም። ስለዚህ አባላት፣ ዛሬ ከምንናገረው ሁሉ ይህችን አንዲት ነገር ያዙልን፤ ገንዘባችን ነገ ወደሚመጣው ማሽን በሚሻገር ዕቃ ላይ ይዋል። ኤስ.ኤስ.ዲ.ው ይሻገራል፤ ተነቅሎ በአዲሱ ይሰካል። ዩ.ፒ.ኤስ.ም ይሻገራል። እነዚህ አዲስ፣ ዋስትና ያላቸው ይሁኑ። ዲ.ዲ.አር. 3 ራም ግን ከዚህ ማሽን ጋር የሚቀበር ስለሆነ ያገለገለ ቢገዛ አይጎዳንም፤ በሱቁ ተሰክቶ መሥራቱ ይታያል፣ ይበቃል። ያገለገለ ዲስክ ግን በነፃ ቢሰጡን እንኳ መዝገባችንን አናስቀምጥበትም።

ወጣቶቻችን «ግራፊክስ ካርድም ይግባበት» ብላችሁ ጠይቃችኋል። አልናቅናችሁም። ነገር ግን ለጽሑፍና ለትምህርት ቪዲዮ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ይበቃል። ትልቅ ካርድ ሲገባ ፓወር ሰፕላዩም ይቀየር ይባላል፤ በእንዲህ ያለ የቢሮ ማሽን ደግሞ መሰኪያው ከተለመደው ሊለይ ይችላል። አንዱ ወጪ ሌላውን እየጎተተ የለቅሶውን ገንዘብ ይነካብናል። ከታደሰ በኋላ ግን ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎች ክፍት እንዲሆን ኮሚቴው ተስማምቷል።

ስለ አገዛዙም እንዲህ ይሁን። ሦስት ሰው ከዚሁ ጉባዔ ይመረጥ። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይምጣ። «ካልገጠመ ይመለሳል» የሚል ቃል በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በገበያው 2 ቴራባይት የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ዲስኮች ስላሉ፣ የተገዛው ኤስ.ኤስ.ዲ. እስኪሞላ ተገልብጦበት፣ ተመልሶ ተነቦ ሳይፈተን መዝገባችን አይገባበትም። የደረሰኞቹም ቅጂ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ማንም አባል ቆሞ ሊያነበው ይችላል።

አባላት ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የምንለምናችሁ ለማማር አይደለም። ነገ ከመካከላችን አንዱ ሲያዝን፣ ቤተሰቡ በራችንን ሲያንኳኳ፣ መዝገቡ ቶሎ ተከፍቶ እውነቱን እንዲናገር ነው።

ሐሳባችሁን ለመስማት ዝግጁ ነን።

የማኅበሩ ጸሐፊ