የተዋሱትን በንጽሕና ስለ መመለስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ለስብከት የማይበቃ ትንሽ ነገር ይመስላል። ይኸውም ለዘመድ መኪና አውሶ፥ መኪናውን በጭቃ ጨቅይቶ መልሶ መረከብ ነው። ነገር ግን በትንሽ ነገር ቸል ማለት ስንት ቤተ ዘመድ እንደ ለያየ፥ ለሽምግልና የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኛም ከተቀመጥንባቸው አንዱን፥ ባለ ጉዳዮቹ ለሌላው ትምህርት ይሁን ብለው ስለ ፈቀዱልን፥ ስማቸውን ትተን እንነግራችኋለን።

ከሁለት ዘመዳሞች ታላቁ መኪና ነበረው። በሐምሌ ወር የታናሹ ሚስት አባት በገጠር ስላረፉ፥ ታናሹ ለቀብር የሚደርስበትን መኪና ለመነ። ታላቁም በኀዘን ጊዜ ያልረዳ ዘመድ ምኑን ዘመድ ሆነ ብሎ፥ ቤንዚን ሞልቶ ቍልፉን ሰጠው። ታናሹ በሦስተኛው ቀን፥ ቅዳሜ ሌሊት ተመለሰ። መኪናውን ከደጅ አቁሞ፥ ቍልፉን ለዘበኛው ሰጥቶ ሄደ።

በማግሥቱ እሑድ ታላቁ አሮጊት እናቱን ወደ ቅዳሴ ለማድረስ ቢወጣ፥ መኪናው እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሶ፥ በወንበሩ ላይ ጠላ ፈሶበት፥ በወለሉም እህልና ገለባ ተበትኖ አገኘው። እንደ ምንም ጠርጎ እናቱን ቢያሳፍር፥ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ቤንዚኑ አለቀ። እናቲቱም በዝናብ ቆመው ሳሉ ቅዳሴው አመለጣቸው።

ታላቁ በልቡ፥ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለ። ለሚስቱ ነገረ፤ ለጎረቤቱ ነገረ፤ በማኅበርም ላይ ነገረ። ለበደለው ሰው ብቻ አልነገረም።

በጥቅምት ወር አንድ ሌሊት ታናሹ ስልክ ደወለ፤ ሚስቱን ምጥ ይዟት ነበር። ታላቁም፥ «መኪናው ተበላሽቶ ጋራዥ ገብቷል» ብሎ መለሰለት። መኪናው ግን በግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ሴትዮዋ በኪራይ መኪና ሐኪም ቤት ደርሳ፥ በእግዚአብሔር ቸርነት ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። በነጋታው ግን ባልዋ ያን መኪና በመንገድ ሲያልፍ አየው። ሕፃኑ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ታላቁ ዘመድ አልተጠራም።

በሽምግልናው ቀን ታናሹ እንዲህ አለ፤ «ጋሼ፥ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር። ነገ መጥቼ አጥበዋለሁ ብዬ ሄድሁ፤ ነገ ካለፈ በኋላ ደግሞ አፈርሁ። በዚያኑ ቀን ጠርተው ቢቈጡኝ ኖሮ ከእግርዎ ላይ እወድቅ ነበር።» ታላቁም፥ «ስስታም እንዳልባል ፈርቼ ዝም አልሁ፤ ዝምታዬም ውሸት ወለደ» አለ።

እንግዲህ አስተውሉ። ጭቃው በጥቂት ባልዲ ውሃ የሚታጠብ ነበር። ያልታጠበው የአንዱ ዕፍረትና የሌላው ቂም ነው።

አባቶቻችን በቅሎ ሲዋሱ ጀርባዋ እንዳይገጠብ ይጠነቀቁ ነበር፤ አብልተውና አጠጥተው ለባለቤቷ ያስረክቡ ነበር። ይህም ከመጽሐፍ ጋር የሚስማማ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22፥ እንስሳ የተዋሰ ሰው፥ ባለቤቱ አብሮ በሌለበት ጊዜ እንስሳው ቢጎዳ ወይም ቢሞት፥ እንዲከፍል ታዟል። ትእዛዙ ለዘመድና ለባዕድ ብሎ አልለየም። ደግሞም በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ ከነቢያት ልጆች አንዱ በዮርዳኖስ ዳር ዛፍ ሲቈርጥ የመጥረቢያው ብረት ከውሃ ወደቀበት። ሰውየው በጭንቀት የጮኸው ብረቱ የውሰት ስለ ነበረ ነው። ነቢዩ ኤልሳዕም ይህን ጭንቀት አልናቀውም፤ እንጨት ጥሎ ብረቱን አንሳፈፈለት። ከሁሉ በላይ ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ የተቀመጠበት ውርንጭላ የሰው ነበር። ደቀ መዛሙርቱ የሚከለክላቸው ሰው ቢኖር፥ ወዲያው እንደሚመለስ እንዲነግሩት እንዳዘዛቸው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 11 እናነባለን። የፍጥረት ሁሉ ባለቤት ስለ አንድ ውርንጭላ መመለስ እንዲህ ካሰበ፥ እኛ የዘመድ ነው ብለን እንዴት ቸል እንላለን?

ስለዚህ የምንዋስ ሁሉ፥ ወዴት እንደምንሄድና ምን እንደምንጭን አስቀድመን በእውነት እንናገር። የተቀጠረውን ቀን እናክብር። አጥበን፥ ቤንዚኑንም ተክተን፥ ቍልፉን በባለቤቱ እጅ እናስረክብ። የተጫረ ወይም የተሰበረ ነገር ቢኖር እርሱ ሳያየው እኛ እንንገረው። ኀዘንና ድካም ቢከለክለን እንኳ፥ «ዛሬ አልቻልሁም፤ ነገ መጥቼ አጥባለሁ» ማለት ማንንም አያቅትም።

የምናውስም ደስ ብሎን እናውስ፤ ካልቻልንም በእውነት አልችልም እንበል እንጂ ጋራዥ ያልገባውን ገብቷል አንበል። ሲራክ በምዕራፍ 18 መልካም ሥራን ከነቀፋ ጋር እንዳንቀላቅል ይመክረናል። ወንድማችን ቢበድለን ደግሞ ብቻውን ሆኖ ሳለ እንድንነግረው ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 አዝዞናል። ለማኅበሩ አስቀድሞ መንገር ሐሜት ነው፤ ለወንድም አስቀድሞ መንገር ግን ፍቅር ነው።

እነዚያ ሁለት ዘመዳሞች በዚያ ቀን ታረቁ። ታናሹ የእናቲቱን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ለመነ፤ ታላቁም ሕፃኑን አስመጥቶ ታቀፈው፥ አለቀሰም።

ምእመናን ሆይ፥ ሥጋችንና ዘመናችንም የውሰት ናቸው። በጥምቀት ንጹሕ ሆነን ተቀብለናል፤ በመንገድ ግን ጭቃ ነክቶናል። ሌሊት ከደጅ ጥለነው የምንሄድበት ዘበኛ የለም፤ ለባለቤቱ ፊት ለፊት እናስረክባለን። ማጠቢያው ንስሐ ነውና፥ ነገ አጥበዋለሁ ብለን እንዳናፍር ዛሬ እንታጠብ።

ቸሩ አምላካችን የተቀበልነውን በንጽሕና ለመመለስ፥ የበደለንንም በፍቅር ለማቅናት ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።